ባዶዋ ሃይላንድ

ባለፈው ሰሞን መገናኛ አካባቢ አንድ ጁስ ቤት ጎራ ብዬ ማንጎ የበዛበት ስፕሪስ አዘዝኩ። አስተናጋጇ አንገቷን ዘንበል አድርጋ "ማንጎ የለንም ጋሼ፤ ጠዋት የመጣው ትል ሆኖብን ሙሉውን መለስነው" አለችኝ። (እኔም ጋሼ የምባልበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ ማለት ነው። ይሁን።) አቮካዶና ፓፓያው መጣልኝ፤ ነገር ግን ከግማሽ በላይ አልጠጣሁትም። ያቺ "ትል" የምትል ቃል አንስታ አርባ ምንጭ ነው የወሰደችኝ፤ ማንጎ ዛፍ ላይ በሽቦ ተንጠልጥላ ነፋስ ወደሚያወዛውዛት አንዲት ባዶ ሃይላንድ። ያቺን ፕላስቲክ እዚያ የሰቀልኳት እኔ ነኝ። ባዶ በመሆኗ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም አሉ፤ ልጆች ሆነን "ጋሼ" እያልን ስለጠራናቸው ዛሬም ለእኛ ስማቸው ጋሼ ነው። ዕድሜያቸውን በመንግሥት እርሻ ትራክተር ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ አዲስ አበባን እምቢ ብለው አርባ ምንጭ አካባቢ ቀሩ። ሠላሳ የማይሞሉ የማንጎ ዛፎች አሏቸው። ጡረታው ዘይትና ስኳር ይሸፍናል፤ የቀረውን ኑሮ የሚሸፍነው ማንጎው ነው። በ2004 ዓ.ም. ልጠይቃቸው ስወርድ ከዛፉ ሥር የወደቀ አንድ ማንጎ አነሱና በሰንጢ ለሁለት ከፈሉልኝ። ላዩ ሲያዩት ያስጎመጃል። ውስጡ ግን ቀልጦ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሱበታል። አንዳንዶቹ ሰንጢው ሲነካቸው ተስፈንጥረው መሬት ላይ ወደቁ።

"ይኸውልህ" አሉኝ፤ "ሦስት ዓመት ሆነው። ዛፉ ያፈራል፣ ትሉ ይበላል፣ እኔ እጠርጋለሁ።"

ጎረቤቶቻቸው ስለ ትሉ ምክንያት ያላቸው አስተያየት ብዙ ነበር። አንዱ ትሉ ከፍሬው ከራሱ ይፈላል አለ። ሌላው ጣቱን ወደ ሞባይል ማማው ቀሰረ፤ ማማው ከመተከሉ በፊት ትል የሚባል አልነበረማ! ሦስተኛው ነገሩን ለፈጣሪ ትቶት ግማሹን ዛፍ ቆርጦ ሙዝ ተክሎበታል። እኔ ደግሞ የከተማ ሰው አይደለሁ? ጋዜጣ አንባቢ አይደለሁ? "ዝንብ ናት" አልኩ ጉሮሮዬን ጠራርጌ። ሴቷ የፍሬውን ልጥ በጭራዋ ጫፍ ባለ መርፌ መሳይ ነገር ወግታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እንቁላሉ ይፈለፈልና ትሉ ሥጋውን ይበላል፤ ፍሬው ሲወድቅ ትሉ ወጥቶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ እንደገና ዝንብ ሆኖ ይነሳል። ይሄን ያህሉ እንኳን ትክክል ነበር። ጥፋቴ የጀመረው "ማማለያውን እኔ አመጣልዎታለሁ" ስል ነው።

ናይሮቢ ለስብሰባ የሚሄድ ወዳጅ ነበረኝ። "የፍራፍሬ ዝንብ ማማለያ ግዛልኝ" አልኩት፤ የትኛዋ ዝንብ ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ሻጩም "ለፍራፍሬ ዝንብ ነው" ተብሎ ከተጠየቀው ነገር አንዱን አንስቶ ሰጠ። እንደ ሳሙና ቁራጭ ያለች ደረቅ ነገር ናት። ከጋሼ ጋር አንዲት ሃይላንድ ጎኗን በስተን፣ ቁራጯን ውስጧ አንጠልጥለን፣ ትንሽ ፀረ ተባይ ጠብ አድርገን በሽቦ ሰቀልናት። በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ደወሉ። "ሁለት ጉንዳንና አንዲት ሸረሪት ገብተዋል፤ ዝንብ የሚባል የለም" አሉኝ። እንኳን ደስ ያለዎት አልኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ደላላ አይሱዙ ይዞ መጣ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ዛፉ ላይ እንዳለ ልግዛ ብሎ ዋጋ ጠራ። ዋጋው እንደ ደላላ ዋጋ ነው፤ ግን ገንዘብ ነው። ጋሼ ከመመለሳቸው በፊት ለእኔ ደወሉ። "ምን አስቸኮለዎት? ወጥመዱ ንጹሕ ነው። ሲበስል በእጥፍ ይሸጡታል" አልኩ። ቃል በቃል ያልኩት ይህንን ነው። ጋሼም ሰሙኝ፤ የተማረ ሰው ነግሯቸዋልና።

ሲበስል ከግማሽ በላዩ ወደቀ። ደላላው ተመልሶ መጥቶ ሦስት ማንጎ ቆርጦ አየ፣ ቢላውን በሱሪው ጠረገና ምንም ሳይናገር መኪናው ላይ ወጣ። በዚያ ገንዘብ ሊከፈል የታሰበው የመጨረሻ ልጃቸው የኮሌጅ ክፍያ ነበር። እሷ ያን ዓመት ቤት ዋለች።

ምን እንደተሳሳትኩ ለማወቅ ያነሳሳኝ እውነቱን ለመናገር የዕውቀት ጥማት አይደለም፤ ሃፍረት ነው። ፍለጋዬ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ወደኋላ፣ ህንድ አገር ቢሃር ውስጥ ፑሳ ወደምትባል ቦታ ወሰደኝ።

ፑሳ እንግሊዞች ህንድን በሚገዙበት ዘመን የግብርና ምርምር ማዕከል የነበረባት ስፍራ ናት። እዚያ ፍራንክ ሚልበርን ሆውሌት የሚባል የነፍሳት አጥኚ ይሠራ ነበር። አንድ ጎረቤቱ ትንኝ እንዳይነድፈው መሐረቡ ላይ የሲትሮኔላ ዘይት ይቀባል። ሲትሮኔላ እኛ ቡና ሲፈላ ከምንጎዘጉዘው ጠጅ ሳር ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነ ሳር ነው፤ ዘይቱም ትንኝን ያባርራል ይባላል። ትንኙስ እሺ ሄደ እንበል። ሰውዬው ግን ሌላ መከራ አገኘው፤ ዝንቦች መሐረቡን ከበው አላስቀምጥ አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን መሐረቡን አጥቦ ይረሳው ነበር። ሆውሌት ዝንቦቹን ያዘና አያቸው። የፍራፍሬ ዝንቦች ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ ወንዶች! እ.ኤ.አ. በ1912 ይህንኑ ጽፎ አሳተመ። ከዘይቱ ውስጥ ዝንቦቹን የሚጠራው የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ አንድ በአንድ ሲፈትን ቆይቶ በ1915 ባወጣው ጽሑፍ ለየው፤ ሜቲል ዩጂኖል ይባላል። ሽታው ከቅርንፉድ ጋር ይቀራረባል፤ በበሶብላ ወገን ባሉ በርካታ ዕፅዋት ውስጥም ይገኛል። ይህቺን ቅርንፉድ ቅርንፉድ የምትል ነገር አንባቢ ያስታውስልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በዚያው ዘመን ገደማ በሌላ የዓለም ጫፍ፣ በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፍራፍሬ አልሚዎች በየዛፉ ሥር በጣሳ ላምባ ያስቀምጡ ጀምረው ነበር። አዎ፣ ለኩራዝ የምናውቀው ላምባ። የሜዲትራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ የምትባለው ተባይ እየመጣች ላምባው ውስጥ ትሰጥማለች። ጠዋት ጣሳው በሬሳ ተሞልቶ ሲታይ የማይደሰት ገበሬ የለም፤ ዘዴውም ከአፍ ወደ አፍ ተዛመተ። ሃዋይ ውስጥ ዝንቧ በ1910 ከተገኘች በኋላ ሴቨሪን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ነገሩን በጥንቃቄ ፈተሹት። በ1913 እና በ1914 ያወጡት ውጤት ደስታውን የሚያቀዘቅዝ ነበር፤ የሞቱት ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ናቸው።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ወንዱ ዝንብ ብርቱካን አይወጋም፣ ማንጎ አይወጋም። የሚወጋው መርፌም የለው። ፍሬውን የምታበላሸው ሴቷ ናት፤ እሷ ደግሞ ላምባውን ከምንም አልቆጠረችውም። አንድ ወንድ ብዙ ሴቶችን ማስረገዝ ስለሚችል መቶ ወንድ ገድለህ አሥር ብታስተርፍ ሴቶቹ ባል አላጡም። ስለዚህ ያ ሁሉ ጣሳ ሙሉ ሬሳ ለገበሬው መጽናኛ እንጂ መዳኛ አልነበረም። ወጥመዱ የሚያሳየን የያዘውን ነው፤ ያልያዘውን አያሳይም። በየመሥሪያ ቤቱ የሚቀርበውን "የተከናወኑ ተግባራት" ሪፖርት የሚያውቅ ሰው ይሄ የሚገባው ይመስለኛል።

ስለዚህች የሜዲትራኒያን ዝንብ ስም አንድ ነገር ልበል። ስሟ የሜዲትራኒያን ይሁን እንጂ ትውልዷ የእኛው አህጉር ነው፤ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ። ስም ያወጡላት በወረረቻቸው ቦታ ነው። አፍሪካ ውስጥ ሳለች ያልቆጠራት ዓለም ፍሎሪዳ ስትደርስ ጦር አሰለፈ፤ በ1929 ኦርላንዶ አካባቢ ስትገኝ በየመንገዱ ታጣቂዎች ቆመው መኪና እየፈተሹ ፍራፍሬ ይነጥቁ ነበር።

ፍሎሪዳ ከዚያች ዝንብ ጋር ሁለተኛውን ትግል የገጠመችው በ1956 ነው። ያን ጊዜ ከላምባ የተሻለ ነገር ተገኝቶ ነበር፤ አንጀሊካ ከምትባል የአውሮፓ ተክል ዘር የሚጨመቅ ዘይት። ሽቶና አረቄ የሚሠሩበት ውድ ነገር ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጥመዶች በከተማና በእርሻ ተሰቀሉ፤ በየወጥመዱ ጠብታ ዘይት። ብዙም ሳይቆይ ዘይቱ ከገበያ ተሟጠጠ። የአንድ ክፍለ ሀገር ዝንብ የዓለምን የአንጀሊካ ዘይት ጨርሳ ጠጣችው! የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ኬሚስቶች በሰው ሠራሽ እንተካው ብለው ተቀመጡ። ሞርተን ቤሮዛና ባልደረቦቹ ብዙ ውሁዶች እየቀመሙ ዝንቧን ሲያስመርጧት ቆዩ። መጀመሪያ ሲግሉር፣ ቀጥሎ ሜድሉር፣ በመጨረሻም በ1961 ይፋ ያደረጉት ትሪሜድሉር የሚባለው ተመረጠ። የሜዲትራኒያን ዝንብ ወንዶች ይሄን ሲያሸቱ ራሳቸውን ይስታሉ።

ወዳጄ ከናይሮቢ ያመጣልኝ ያቺ ሳሙና መሳይ ቁራጭ ይሄው ትሪሜድሉር ነበረች። ጥሩ ዕቃ ናት፣ ሐሰተኛም አይደለችም። ጋሼ ዛፍ ላይ የነበረው ዝንብ ግን ይሄን ቋንቋ አይሰማም።

የጋሼን ዝንብ ታሪክ ለማግኘት ወደ ሃዋይ መመለስ አለብን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የጦር መርከብና አውሮፕላን በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ሲመላለስ አንዲት የእስያ ዝንብ ሃዋይ ገባች፤ መኖሯ የታወቀው በ1946 ነው። የምሥራቁ ፍራፍሬ ዝንብ ብለው ጠሯት። ሎረን ስታይነር የሚባል ባለሙያ የሆውሌትን የድሮ ጽሑፍ ይዞ ሜቲል ዩጂኖልን ፈተናት፤ በ1952 ያወጣው ውጤት የሚያስደንቅ ነበር። ወንዶቹ ከሩቅ እየበረሩ መጥተው መጎንጨት ነው፤ ጠብታው ላይ ከተቀመጡ መርዝ ቢቀላቀልበትም አይለቁትም።

ስታይነር እዚህ ላይ ያሰበው ነገር ቀላል ግን ድፍረት የሚጠይቅ ነው። ወንዱን መግደል ጥቅም የሌለው ጥቂት ስለሚተርፍ ከሆነ፣ ምንም የማይተርፍበትን ያህል ብንገድልስ? ለዚህ የተመረጠችው ጉዋም አጠገብ ያለች ሮታ የምትባል ትንሽ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1963 ትንንሽ የፋይበር ቦርድ ቁራጮችን 97 ከመቶ ሜቲል ዩጂኖል፣ 3 ከመቶ ናሌድ በሚባል ፀረ ተባይ እያራሱ ከአውሮፕላን በደሴቲቱ ላይ በተኑ። ወንዶቹ አለቁ። ሴቶቹ እንቁላል ቢጥሉም አልተፈለፈለም። ዝንቧ ከሮታ ጠፋች። ጃፓኖች ይህንኑ መንገድ ይዘው ኦኪናዋንና አጎራባች ደሴቶቿን አንድ በአንድ ሲያጸዱ ዓመታት ፈጅቶባቸው በ1986 ጨረሱ።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሁሉም ደሴት ነው። ዙሪያው ባሕር ነው። አንድም ዛፍ፣ አንድም ጓሮ አልተዘለለም። "የእኔ ግቢ አይነካም" የሚል ጎረቤት ቢኖር እንኳን አውሮፕላኑ ከላይ ነው የሚጥለው። ጋሼ ሠላሳ ዛፍ ያላቸው፣ ጎረቤታቸው አሥራ አምስት ያለው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ የወደቀውን ማንጎ ሳያነሳ ከተማ የሚውል፤ በመካከላቸው ያለው ባሕር ሳይሆን የእሾህ አጥር ነው።

ወጥመድ አንዳንዴም መንግሥት ያናውጣል። በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ ለቅኝት ከተሰቀሉ ወጥመዶች ውስጥ ጥቂት የሜዲትራኒያን ዝንቦች ተገኙ። በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የካሊፎርኒያ የፍራፍሬ ገበያ ግን በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው። አገረ ገዢው ጄሪ ብራውን በሰው ቤት ላይ ከሄሊኮፕተር ማላቲዮን (የእኛ ገበሬ ማላታይን የሚለው) አላስረጭም ብለው ቆዩ። የፌዴራሉ መንግሥት የካሊፎርኒያን ፍራፍሬ ከሌላው ግዛት አግዳለሁ ሲላቸው በሐምሌ 1981 እጃቸውን ሰጡ። ሕዝቡ እንዲረጋጋ ቢ. ቲ. ኮሊንስ የሚባሉ የአገረ ገዢው ሹም በጋዜጠኞች ፊት በውኃ የቀጠነ ማላቲዮን በብርጭቆ ጠጡ። ሰውየው በዚያ አልሞቱም። ብራውን ግን በ1982 ለሴኔት ተወዳድረው ተሸነፉ፤ የዝንቧ ጉዳይ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደነበር ብዙ ተብሏል። ያ ሁሉ ትርምስ የተነሳው ካርቶን ላይ ከተጣበቁ ጥቂት ዝንቦች ነው። የእኛ ጋሼ ማሳ ላይ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩት ሲርመሰመሱ ደግሞ አንድ ማንም አልተናወጠም፤ ሰቅሎ የሚቆጥር አልነበረማ።

ወደ እኛ አህጉር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ ከዚህ ቀደም ያልታየች ዝንብ ተገኘች። ዘመዶቿ እስያ ውስጥ ናቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰሐራ በታች ያለውን አገር አብዛኛውን ወረረች፤ ኢትዮጵያም አልቀረላትም። በ2005 ሳይንቲስቶች አዲስ ዝርያ ናት ብለው "ኢንቫደንስ" የሚል የላቲን ስም አወጡላት፤ ወራሪዋ ማለት ነው። እንደ ፖሊስ መዝገብ ያለ ስም! ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ ጉዳዩ እንደገና ታየና ወራሪዋ ሌላ ሳትሆን ያቺው ስታይነር ሃዋይ ላይ የታገላት የምሥራቁ ፍራፍሬ ዝንብ ናት ተባለ። ማንጎን ከሁሉ አብልጣ ትወዳለች። ወንዷ የሚመጣው ደግሞ ለሜቲል ዩጂኖል ነው። ለትሪሜድሉር ዞር ብሎም አያይ።

እንግዲህ ገባችሁ አይደል? እኔ የሰቀልኩት ወጥመድ የአፍሪካዊቷን ዝንብ ስም እየጠራ ሲጮህ ከርሟል። እስያዊቷ ከአጠገቡ ቁጭ ብላ ማንጎ ትወጋ ነበር። ባዶ ሃይላንድ ሁለት ነገር ሊነግረን ይችላል፤ "ዝንብ የለም" ወይም "የሚሰማኝ ዝንብ የለም"። እኔ ደስ የሚለኝን መርጬ ለጋሼ ነገርኳቸው።

ወንዶቹ ይሄን ቅርንፉድ መሳይ ነገር ለምን ይወዱታል የሚለው ጥያቄ ሆውሌት ካለፈ በኋላ ብዙ አሥርት ዓመታት ሳይመለስ ቆይቷል። መልሱን ካገኙት መካከል ጃፓናዊው ሪትሱኦ ኒሺዳና ማሌዥያዊው ኬንግ ሆንግ ታን ይጠቀሳሉ። ወንዱ ሜቲል ዩጂኖሉን ይበላና በሰውነቱ ውስጥ ወደ ሌላ ሽታ ይለውጠዋል፤ ፊንጢጣው አጠገብ ባለች ከረጢት ያጠራቅመዋል፤ ምሽት ላይ ሴቶች በሚጠሩበት ሰዓት ያንን ይረጨዋል። የበላው ካልበላው ይልቅ በሴቶች ዘንድ ይወደዳል። ቅዳሜ ማታ ሽቶ ነስንሶ ከቤት የሚወጣ ጎረምሳ በሉት። ችግሩ ሽቶ ቤቱ ውስጥ መርዝ መኖሩ ነው።

ለሴቷ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። እሷ እንቁላል ለማፍራት ፕሮቲን ትሻለች፤ ስለዚህ የሚጠራት የምግብ ሽታ ነው። በ1930ዎቹ ማክፌይል የሚባል አሜሪካዊ እርሾና ፕሮቲን ነክ ፈሳሽ በብርጭቆ ወጥመድ እያደረገ ሴትም ወንድም ይይዝ ነበር፤ ወጥመዱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሞሪሺየስ ውስጥ ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን የእርሾ ዝቃጭ ለዚህ ተጠቀሙበት። ኬንያም እንደዚሁ፤ እዚያ በዚህ ሥራ ቀዳሚ የሆነው ኢሲፔ የሚባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ነው፤ ከ2013 እስከ 2023 የመሩትም የፍኖተ ሰላሟ ተወላጅ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። እኔ እንግዲህ ይሄን ሳነብ በሐሳቤ የመጣው በየጠላ ቤቱ የሚደፋው አተላ ነው። ይሠራል አልልም፤ ከዚህ በኋላ ሳልሞክር አልናገርም ብያለሁ።

በቀጣዩ ዓመት አንድ የግብርና ባለሙያ ይዤ አርባ ምንጭ ወረድኩ። ባለሙያው ያቺኑ ባዶ ሃይላንድ ከዛፉ አወረዳት፣ የእኔን ቁራጭ አውጥቶ ጣለና በጥጥ የነከረውን ሜቲል ዩጂኖል አስገባ። ቅርንፉድ ቅርንፉድ አለ። መልሶ ሰቀላት። ቡና እየተፈላ ነበር፤ ሁለተኛው ሳይቀዳ ዝንቦች መክበብ ጀመሩ። ቡናማ፣ ጀርባቸው ላይ ቢጫ መስመር ያላቸው፣ ከቤት ዝንብ ብዙም የማይተልቁ። ሲመሽ የጠርሙሷ ታች ጠቁሯል። ጋሼ አውርደው ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩዋት። ብዙ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"እነዚህ ሁሉ ያኔም ነበሩ?" አሉ።

"ነበሩ ጋሼ።"

ሌላ አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ሲያዩ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አንደኛው "አያችሁ? ይሄ ሽታ ነው ዝንቡን ከየአገሩ እየጠራ የሚያመጣብን" አለ። ለመሳቅ ቃጥቶኝ ነበር፤ ባለሙያው ግን አልሳቀም። ሰውየው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም አለ፤ አንድ ሰው ብቻውን ሁለት ወጥመድ ቢሰቅል የጎረቤቱን ወንድ ዝንብ ከመሳብ በቀር ፍሬውን አያድንም። ሁሉም ከሰቀለ፣ የወደቀውን ፍሬ ሁሉም በየቀኑ ለቅሞ በጥቁር ፕላስቲክ አፍኖ ፀሐይ ላይ ካሰጣ ወይም አጥልቆ ከቀበረ፣ ለሴቷም የእርሾ ማጥመጃ ከተጨመረ ነው የሚቀንሰው። ሰባት አባወራዎች እሺ አሉ። ሁለቱ እናያለን አሉ። ሙዝ የተከለው ሰውዬ "እኔን ተዉኝ" ብሎ ሄደ፤ ቆርጦ ያልጨረሳቸው አራት የማንጎ ዛፎች ግን ዛሬም አጥሩ ሥር ፍሬያቸውን እየጣሉ ነው። የሰባቱ ልፋት በከፊል የሚፈሰው በዚያች አጥር በኩል ነው። ከእሱ ጋር የተደረገውን ሽምግልና ብተርከው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ትሉ አልጠፋም። ቀንሷል። ደላላው አሁንም ሲመጣ ሦስት ማንጎ ይቆርጣል፤ አንዳንድ ዓመት ቢላውን ጠርጎ ይሄዳል፣ አንዳንድ ዓመት ይጭናል። ልጅቷ ኮሌጁን አንድ ዓመት ዘግይታ ገባች፤ የመጀመሪያውን ክፍያ ማን እንደከፈለ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ጋሼ ከየወጥመዱ የሚያወጡትን ዝንብ እየቆጠሩ በአንዲት የተማሪ ደብተር ይጽፋሉ። ቀኑ፣ የዛፉ ቁጥር፣ የዝንቡ ቁጥር። እሁድ እሁድ ደውለው ያነቡልኛል፤ እኔም እዚህ እጽፋለሁ። ባዶ የወጣ ወጥመድ ካለ "ባዶ ነው፣ ጥጡ ግን ሽታ አለው፣ አሽትቼዋለሁ" ብለው ይጨምራሉ። ስለ ዋጋ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።